አፖሎ የተፈረደበት ቀን

«ጋሼ ኒካሬቶስ፣ አባቴን ድንጋይ አልገደለውም!» አለች ሜሊታ፣ ሬሳው ላይ የተደረበውን ነጠላ እያስተካከለች።

አባቷ ቀራጺው ኤውዲኮስ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት ዓመት ሲጠርበው በኖረው የአምላኩ አፖሎ የእብነ በረድ ምስል ተጨፍልቆ ሞቷል። ጎረቤቱ ሁሉ አደጋ ነው ብሏል። በአቴና ሰው የገደለ ድንጋይም እንደ ሰው ይከሰሳልና የዳኛው ጸሐፊ ኒካሬቶስ የመጣው ምስሉን ለፍርድ ሊመዘግብ ነበር። ሃያ ዓመት የሞላት ሜሊታ ግን ወንድም የላትም። ቤቱም እሷም ለቅርብ ዘመድ ይተላለፋሉ፤ እሱም አጎቷ ትራሶን ነው፣ በሕግ ያገባታል። ወይ ሕግ!

ኒካሬቶስ ጉልበቱ እያቃሰተ ተንበረከከ። ከምስሉ መቆሚያ ሥር በስተ ኋላ ሹል የእንጨት ሽብልቆች ተሰክተዋል። አንዱን ነቅሎ ሰነጠቀው፤ እስከ መሃሉ እርጥብ ነው። ዝናብ ከጠፋ ደግሞ ወር አልፏል።

የሟቹን ረዳት ክቴሶንን ጠራው። «ከኤውዲኮስ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ስንጣላ አይደል የኖርነው! እንደ ባልና ሚስት! ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሁልጊዜ እዚሁ ምስሉ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ዳቦና ወይራውን ይበላ ነበር። በሞተበት ቀን ጠዋት ወደ ወደብ ስወጣ ትራሶንን በር ላይ አገኘሁት፣ በእግሩ መጥቶ አቧራ በአቧራ ሆኖ።»

ኒካሬቶስ ወደ ሜሊታ ዞረ። «አጎትሽ ምን ፈልጎ ነበር?»

«ውሃ። በቅሎዬ ተጠምታለች ብሎ ሁለት እንስራ ወሰደ።»

ትራሶን ተራራው ላይ ባለው የድንጋይ ካባ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ሲጠየቅ ሳቀ። «በምሳ ሰዓት እኮ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነበርኩ፤ ግማሹ ገበያ አይቶኛል። ካላመንከኝ አፖሎን ጠይቀዋ!»

በፍርዱ ቀን ሁሉም ተሰበሰቡ። አፖሎ በገመድ ታስሮ ሰረገላ ላይ ተጋድሟል። ኒካሬቶስ ብድግ አለ።

«ገዳዩ ምስሉ ሲወድቅ እዚያ መገኘት አላስፈለገውም። ቀራጺ ሽብልቁን ውሃ እንዳይገባው በሰም ያሸዋል፤ እነዚህ ግን ሰም አልነካቸውም፣ የቀራጺ ሥራ አይደሉም። ካባ ውስጥ ደግሞ ደረቅ እንጨት ይሰኩና ውሃ ያፈሱበታል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ቋጥኝ ይፈነቅላል። ጠዋት ውሃ ያጠጣቸው ሰው ፀጉሩን እየተላጨ ሳለ እንጨቱ ሥራውን ጨረሰ። ትራሶን ውሃውን ለበቅሎዬ ብሎ ወሰደ፤ ግን በእግሩ ነው የመጣው። የምን በቅሎ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። የትራሶን ፊት አመድ መሰለ።

«መልካም ተናገርክ» አለ ዳኛው። «የደም ክስ የሚያቀርበው ግን የሟች ወንድ ዘመድ ነው። ማን ይከሳል?»

«እኔ!» አለ ክቴሶን።

«ባዕድ ነህ።»

«እኔ እከሳለሁ!» ሜሊታ ጮኸች። «አባቴ ነው እኮ!»

«ሴት አትከስም። ሌላ ዘመድ?»

ሌላ ዘመድ የለም። ሁሉም ወደ ትራሶን ዞሩ። የትራሶን ፊት ቀስ በቀስ ደም መለሰ።

«እኔ ማንንም አልከስም» አለ። «ወንድሜን የገደለው ድንጋዩ ነው።»

ኒካሬቶስ ዳኛውን ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ፤ መላ ጠፋ። አፖሎ ጥፋተኛ ተብሎ ከአገር ድንበር ውጭ እንዲጣል ተፈረደ። ፍርዱን የጻፈው ኒካሬቶስ ራሱ ነው፤ ሥራው ነዋ።

«ቀጥሎስ?» አለ ዳኛው።

«የኤውዲኮስ ወራሽ ጉዳይ» አለ ኒካሬቶስ።

«ጠያቂ አለ?»

ትራሶን እጁን አነሳ። ሜሊታ ኒካሬቶስን ዓይን ዓይኑን ታየው ጀመር።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላትና የባሏን ስም ጻፈ።