የታረዱበት ሰዓት

«ሁለት ሰዓት ብለሽ ጻፊ» አላት አባቷ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ልጅቷ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳርፋ ቀረች። ጉልበቷ ላይ ባስቀመጠችው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ሃያ የከብት ዓይኖች አሉ። ከቄራ ዓይን ተቀብሎ ኬሚካል ወደሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ማድረስ የአባቷ ሥራ ነው። ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ ደግሞ እሷ ጸሐፊዋ ናት፤ የእሱን ጽሑፍ እንኳን ሌላ ሰው ራሱም አያነበውም። ቅጹ ላይ ከብቶቹ የታረዱበት ሰዓት ይሞላል። ከታረዱ አራት ሰዓት ካለፋቸው ላቦራቶሪው አይቀበልም። የዛሬዎቹ የታረዱት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን አምስት ተኩል ሆኗል።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ክሪኩም አልሠራ ብሎ፣ አንድ ደግ ሹፌር እስኪደርስላቸው ፀሐይ ላይ ተገተሩ። ግን በዚህ ወር ሲያረፍድ ሦስተኛው ነው። የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሳምንት አንዴ ከደገምክ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብሎታል። አባቷ ይህን ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰም፤ የነገረው ለእሷ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ቢነቃብንስ?»

የሞተ ዓይን ሰዓት አያይም ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። ግን እንዳላት ጻፈች።

ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ተቀባይ ጠበቀቻቸው። ዛሬ የሚፈተሸው የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ፈሳሽ መሆኑን ነገረቻቸው። ልጅቷ እንዴት እንደሚፈተሽ ብትጠይቃት ደስ ብሏት አስረዳቻት፤ ፈሳሹ ዓይኑ ላይ ይደረጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይታያል። ከደፈረሰ አደገኛ ነው ማለት ነው።

«የቆየ ዓይን ግን በራሱ ጊዜ ይደፈርሳል» አለች ተቀባይዋ። «ያኔ የፈሳሹን ጉዳት በትክክል መለየት አንችልም። እኛ እዚህ ከተሳሳትን፣ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያም ይሳሳታል።»

ልጅቷ ጠርሙስ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው መንፈቅ የትምህርት ቤታቸው የጽዳት ሠራተኛ፣ ተማሪው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴትዮ፣ የሽንት ቤት ቱቦ ሲከፍቱ ፈሳሹ ዓይናቸው ውስጥ ተረጨ። እየሮጠች ውሃ ያመጣችላቸው እሷ ነበረች። ጠርሙሱ ላይ የአበባ ሥዕል እንጂ ማስጠንቀቂያ አልነበረበትም። እትዬ አሁን የሚያዩት በአንድ ዓይናቸው ነው።

አባቷን አየችው። ጫማውን ያያል። ይህ ሰው ነገ ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል ታያት፤ እንባዋ መጣ።

ተቀባይዋ ልትፈርም ስትል ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ፣ ቅጹን አንዴ ይስጡኝ። ሰዓቱን ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሁለትን ሰርዛ አንድ ብላ ጻፈች። ተቀባይዋ የግድግዳውን ሰዓት፣ ቀጥላም አባትየውን አየች።

«እንዲህ ከሆነማ አልቀበልም። ለሥራ አስኪያጁም ማሳወቄ አይቀርም።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ።

ቀና ብላ አባቷን ለማየት አልደፈረችም። ሳጥኑን ልታነሳ ስትጎነበስ የእሱ እጅ ቀደማት።

«ተይው የኔ ልጅ» አላት ቀስ ብሎ፣ «እኔ እይዘዋለሁ።»