ከርሮ ያደረ ደጋን

መምህር ሲራክ መርሳ ከተማ ውስጥ ቫዮሊን በሚያስተምርበት ክፍል ሞቶ ሲገኝ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ በሲሚንቶው ደረጃ ተመትቶ፣ የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰው ነበር። ሰው ኮሌታውን ይዞ ገፍቶታል። የከተማው ፖሊስ ብዙም አልተጨነቀ፤ ሬሳውን ያገኘችውን ተማሪውን ዮርዳኖስን ያዘ። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ፈይሩዝ ከወልዲያ ስትደርስ፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነበር።

ፈይሩዝ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ፣ ችኮላ የማትወድ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ችኮላው በግድ መጣባት።

ሲራክን መርሳ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ በጃዝ ባንዶች ተጫውቷል፣ ለቴአትር ቤት ዜማ አቀናብሯል፣ በሰርግ አስጨፍሯል። በኋላ ያገሬን ልጆች ላስተምር ብሎ ተመለሰ። እዚህም ትንሽ ባንድ አቋቁሞ፣ ለመጪው እሑድ ወልዲያ ላይ ዝግጅት ይዞ ነበር።

ፈይሩዝ በመጀመሪያ ከክፍሉ ፊት ለፊት ፍራፍሬ የሚሸጡትን እማማ ዓቢዳን ጠየቀች።

«ትናንት ምን ሰሙ፣ እማማ?»

«የአስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ ቫዮሊኑ አምባሰል ይጫወታል፣ ልጄ። ሲራክ አምባሰል ሲጫወት ትከሻ ያስነቀንቃል፤ የትናንቱ ግን ወላሂ አንጀት ይበላ ነበር። እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ይቺ ልጅ ገባች፤ ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።»

«ከእሷ በፊት የወጣ ሰውስ?»

«በዚህ በር አላየሁም። በጓሮው ፓፓያ መሃል ግን ማን ያያል?»

ባንዱ የሚጫወትበት ሆቴል ባለቤት ሀብታሙ፣ ኪቦርድም የሚመታው እሱ ነው፣ ነገሩን አልደበቀም። «ቅዳሜ አልጫወትም ብሎኝ ተጣልተናል። ግን ቫዮሊን ሲሰማ ነበር እየተባለ ነው። እኔ ደጋን ብይዝ የሚሰማው የድመት ጠብ ነው።»

የሲራክ የልጅነት ጓደኛ፣ የባንዱ ማሲንቆ ተጫዋች ዓለምነህ፣ አንገቱን ደፍቶ መለሰ። «ትናንት ጠዋት አይቼው ወደ ውርጌሳ ሄድኩ።» ጣቶቹ የኪሱን አፍ ይዳብሱ ነበር። «ልጅቷ ይህን ታደርጋለች ብዬ አላስብም» አለ ቀስ ብሎ።

ዮርዳኖስ እስር ቤት ሆና ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ከትናንት በስቲያ ከመምህሩ ጋር ተጨቃጭቀሻል ይላሉ።»

«አዎ።»

«በምን?»

«ብናገር ሌላ ሰው ይከፋዋል።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። ሌላ ልጠይቅሽ። መምህሩ መጀመሪያ ያስተማሩሽ ነገር ምንድን ነው?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ሲጨርሱ ደጋኑን ማላላት። ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን አዙሮ ፀጉሩን ማርገብ ነው፤ አለዚያ እንጨቱ ይጣመማል። የረሳ ልጅ ካለ ከመንገድ ያስመልሱት ነበር።»

ፈይሩዝ ወደ ክፍሉ ተመልሳ የቫዮሊኑን ሳጥን ከፈተች። ደጋኑን አንስታ ዳበሰችው፣ ከዚያ አሸተተችው። ወዲያው ሁሉንም አስጠራች፤ ዮርዳኖስም በፖሊስ ታጅባ መጣች።

«ቫዮሊኑ በሥርዓት ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል» አለች ፈይሩዝ። «ደጋኑ ግን ከርሮ ነው ያደረው። ሲራክ አስቀምጦት ቢሆን ያላላው ነበር። ስለዚህ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ተማሪዎቹም እንዲሁ ያላሉታል፤ ዮርዳኖስ ገድላ ቫዮሊኑን በሥርዓት ሳጥን ውስጥ ከታ ይህን ብቻ ረሳች ማለት፣ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው። ሀብታሙ መጫወት አይችልም፤ እማማን ያስለቀሰው ደግሞ የሚችል ሰው ነው።»

ፈይሩዝ ወደ ዓለምነህ ዞረች።

«የማሲንቆ ደጋን ብሎን የለውም። ጎብጦ፣ ከርሮ ይኖራል። በእሱ ያደገ እጅ ማላላትን አያውቅም። ሳይጀምር ግን ፀጉሩን በዕጣን ያሻል። የዚህ ደጋን ፀጉር ዕጣን ይሸታል፤ መምህሩ ደጋኑን የሚያሹበት ሙጫ ይኸው፣ እንዲህ አይሸትም። ጋሽ ዓለምነህ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ።»

ዓለምነህ በጨርቅ የተቋጠረ ዕጣን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሲራክን አምባሰል ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለእሑዱ ዝግጅት የማሲንቆዬን ቦታ ለቫዮሊን አቀናብሮ ለዚች ልጅ ሰጣት። ‹ዘመኑ ነው፣ ዓለምነህ› አለኝ። ኮሌታውን ይዤ ገፋሁት። ላነሳው ብል አልተነሳም።»

«ታዲያ ለምን ተጫወቱ?»

«ማሲንቆዬ ቤት ነበረ። ማንም ሳያለቅስለት እንዲሄድ አልፈለግሁም። ስጨርስ ዕቃው እንዳይጎዳበት አስቀመጥኩት።»

«ልጅቷ ስትታሰርስ?»

«ፈራሁ።» ይህን ሲል ወደ ዮርዳኖስ ማየት አልቻለም።

«ጋሼ» አለች ዮርዳኖስ። «የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። ቦታው የእርስዎ ነው፣ አልጫወተውም አልኳቸው። ‹ነገ ነይ፣ መልሰን እናቀናብረዋለን› ብለውኝ ነበር። ትናንት ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ፖሊሶቹ ዓለምነህን ደግፈው አስወጡት። ሀብታሙ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ እማማ ዓቢዳ ለሟችም ለገዳይም ዱዓ አደረጉ።

ዮርዳኖስ ነጻ ነሽ ስትባል ወዲያው አልወጣችም። ደጋኑን ከጠረጴዛው አነሳች፣ ብሎኗን አዙራ ፀጉሩን አረገበችና ወደ ሳጥኑ መለሰችው።