ሁለት ስክሪን፣ አራት ጥሪ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

የምሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ትርጉም። ዋናውን ጽሑፍና የኔን ትርጉም በአንዲት ጠባብ ስክሪን ላይ እያፈራረቅኩ ስገላብጥ ዓይኔ ሊጠፋ ደረሰ። ስለዚህ ሁለተኛ ስክሪን ገዛሁ፤ ሱቁም የሚገጥምልኝ ቴክኒሻን ላከልኝ።

ረጅም ነው። የተጠቀለለ ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣ። እናቴ በሩን ከፍታ ካየችው ሰዓት ጀምሮ ስሙ «ባለገመዱ» ሆኖ ቀረ።

ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሰካካው። አዲሱ ስክሪን በራ፤ ግን የሚያሳየው አሮጌው ላይ ያለውን ያንኑ ነው።

«ይሄማ ምኑን ሁለት ሆነ?» አልኩ።

«ይታገሱኝ» አለ እየሳቀ። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ «ማባዛት» የሚለውን ወደ «ማስፋት» ቀየረው። አንድና ሁለት የሚል ቁጥር ያላቸው ሣጥኖች መጡ፤ ሁለትን ጎትቶ ከአንድ በስተቀኝ አስቀመጠው። «አሁን ማውሱን ወደ ቀኝ ይግፉት።»

ገፋሁት። ቀስቷ ከአንዱ ስክሪን ወጥታ ሌላው ላይ ብቅ አለች። ይህን መቶ ጊዜ የሠራ ሰው፣ ገና ዛሬ እንዳየው ሁሉ ፊቱ በራ። ምን ልደብቅ፣ ልቤ እዚያው ቀለጠ።

«ችግር ካለ ይደውሉ» ብሎኝ ሄደ።

ችግር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ገመዱን በገዛ እጄ አላልቼ ደወልኩ። በሳምንቱ ብርሃኑን ቀንሼ «ጨለመብኝ» አልኩ። ቀጥሎ ምስሉን ዘቀዘቅኩት። እናቴ በሩን ስትከፍትለት፣

«ኧረ ይሄ ኮምፒዩተር ከኔ ጉልበት ባሰ!» አለችው፤ እኔንም በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ያን ቀን ሥራውን ከጨረሰ በኋላም ቶሎ አልተነሣም። ስለምተረጉመው መጽሐፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ድንገት፣ «አንቺ እኮ ስታስቢ ከንፈርሽን ትነክሺያለሽ» አለኝ። «አንቺ» ማለቱን ሁለታችንም ሰማን። እሱም አላረመው።

በአራተኛው ጥሪ ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ማውሱን ወደ ቀኝ ቢገፋው አልሄድም አለ። ወደ ግራ ሲገፋው ቀስቷ በቀኙ ስክሪን ላይ ብቅ አለች። ማስተካከያውን ከፍቶ ሁለቱን ሣጥኖች ብዙ አያቸው።

«ይሄ በራሱ አይቀያየርም» አለ። «ሰው ጎትቶት ነው። የሚያውቅ ሰው።»

«እኔ ነኝ» አልኩና ለመሳቅ ሞከርኩ።

እሱ አልሳቀም። «የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ወደ አንድ ቤት በተመለስኩ ቁጥር አለቃዬ ‹ሥራው ተበላሽቷል› ብሎ ይመዘግብብኛል። ይሄ አራተኛው ነው። ነገ ጠዋት ሊያሰናብተኝ ጠርቶኛል። እርስዎ ለካ እየተጫወቱብኝ ነው።»

እርስዎ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሄደ በኋላ እናቴ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ምን አድርገሽው ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ! ወደድኩህ ማለት አቅቶሽ የሰው ጉሮሮ ልትዘጊ? ነገ በጠዋት ትሄጂና ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ያደረግሽውን!»

በማግስቱ ሱቁ ስደርስ ባለሱቁ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል። ባለገመዱ የሥራ ልብሱን አጣጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ቆሟል። ቀና ብሎም አላየኝም።

«ጋሼ፣ አራት ጊዜ የጠራችው ደንበኛ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሌላ ሰው እንልካለን።»

«ሌላ አልፈልግም! የሱ ሥራ ምንም አልነበረበትም። ገመዱን ያላላሁት እኔ ነኝ። ብርሃኑን የቀነስኩት፣ ምስሉን የዘቀዘቅኩት፣ ግራና ቀኙን ያዟዟርኩትም እኔው ነኝ።»

ባለሱቁ መነጽሩን አወለቀ። «ለምን ሲባል?»

ሁለት ደንበኞች ዞር ብለው አዩኝ። ጆሮዬ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እንዲመጣ ነዋ!» አልኩ። «ወድጄው ነው።»

ባለሱቁ ብዕሩን አንሥቶ መዝገቡ ላይ አራቱንም መስመር ሰረዘ። የሥራ ልብሱን ወደ ባለገመዱ ገፋለት። «ልበስ፤ ሥራ እየጠበቀህ ነው» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ «አንቺም ከእንግዲህ ስትፈልጊው በሱቁ ስልክ አትደውይ።»

ባለገመዱ እስከ በር ሸኘኝ። ፊቱን ማየት ፈራሁ።

«ግራና ቀኙ አሁንም እንደዞረ ነው?» አለ።

«እንደዞረ ነው።»

«እንዳትነኪው። ከሥራ ስወጣ መጥቼ አስተካክለዋለሁ።»

መጣ። አላስተካከለውም። ከተጋባን ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ ቀስቷ ዛሬም ወደ ቀኝ ለመሄድ በግራ ትወጣለች። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ግራ ይጋባል።

«መቼ ነው የምታስተካክለው?» ስለው፣

«እሱን ከጨረስኩማ እዚህ ቤት ምን ሥራ አለኝ?» ይለኛል።