ከቴክላ መስኮት፣ እንደምን አደራችሁ

ሰኞ ጠዋት የቴክላ ሰላምታ እንደወትሮው መጣ። ፎቶግራፉ ላይ ገና ያልነጋበት መስኮት፣ ነጭ መጋረጃና በመስኮቱ ደፍ ላይ የቆሙ የገና ጾም ሻማዎች ይታያሉ። ከሥሩ፣ «እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶች። ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ዲግሪ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል፣ ዛሬ ከቤት አልወጣም» ይላል።

ጉንቦርግ ደጋግማ አነበበችው። ምኑ እንደከነከናት አላወቀችም።

«ቱቫ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቴክላ የምትሄጂውን አሁን ብትሄጂስ?» አለች የልጅ ልጇን።

«አያቴ ደግሞ። ሰላም ካለች ደህና ናት ማለት አይደል እንዴ? ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ።»

«ጉንፋን ይዞኛል ብላለች። ሾርባ ውሰጂላት።»

«እሺ። ኮፍያሽን አድርጊ፣ ሻርፕሽን ጠምጥሚ፣ በረዶው ላይ ቀስ በይ። በቃ፣ ሁሉንም ራሴ አልኩልሽ» ብላ ቱቫ እየሳቀች ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። የቱቫ ድምፅ የቱቫ አይመስልም ነበር።

«አያቴ፣ ቴክላ የምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ወድቃለች። ቀዝቅዛለች። በጣም ቀዝቅዛለች።»

በላክስቪክ የባሕር ዳርቻ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በኢንተርኔት ማኅበር አላቸው። ስሙን «የመስኮት ጎረቤቶች» ብለውታል። እያንዳንዱ ሰው በየማለዳው የመስኮቱን ፎቶግራፍ፣ ውጭ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ የሚያሳየውን ዲግሪና አንድ ወሬ ይለጥፋል። የማን ድመት ወለደች፣ የማን ጉልበት ታመመ፣ ማን ዓሣ ቀናው። እስከ እኩለ ቀን ድምፁ ያልተሰማ ሰው ካለ ይደወልለታል፤ ካላነሣ በሩ ይንኳኳል። ማኅበሩን ያቋቋመው ስቱሬ የሚባል፣ መርከቦችን እየመራ ወደብ ሲያስገባ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ከእኛ መካከል ማንም ወድቆ፣ ሳይታወቅለት አያድርም» ማለት ይወድ ነበር።

የሐኪሙ ቃል በመንደሩ ለመሰራጨት ጊዜ አልወሰደበትም። ቴክላ የወደቀችው ሰኞ ሳይሆን ቅዳሜ ነው። ታዲያ እሁድና ሰኞ ጠዋት ሰላም ያለቻቸው ማን ናት? ስልኳ ቤቱ ተበርብሮ አልተገኘም። ማክሰኞ ጠዋት ብዙዎቹ መስኮታቸውን ሳይለጥፉ ዋሉ። ጉንቦርግም ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ዓይኗ ግን ከላዩ አልነቀል አላት። አሁንም ቴክላ እንደምን አደርሽ ብትላትስ?

መርማሪዋ ሲቭ ራስክ የመጣችው የዚያን ዕለት ነው። ጡረታዋ የቀረበ፣ አጭር፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ አውራ ጣቷ በቀዳዳው ብቅ ባለበት ካልሲ ገብታ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

«የቴክላን ቤት ቁልፍ ማን ይዞታል?» ስትል ቱቫን ጠየቀቻት።

«እኔ። የምረዳቸው አረጋውያን ሁሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።»

«የስልኳ የይለፍ ቁጥርስ?»

ቱቫ ወደ አያቷ አየች። «ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ይረሳታል። ከእኔና ከአያቴ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«ሬሳዋንም ያገኘሽው አንቺ፤ ያውም ከሰዓትሽ ቀድመሽ ሄደሽ።»

«የላክኋት እኔ ነኝ» አለች ጉንቦርግ። «ልጅቱን አታስጨንቂያት። ሾርባ እኮ ነው የያዘችው።»

«አለቃዬ እስከ ነገ ማታ ጊዜ ሰጥቶኛል» አለች ሲቭ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያ በኋላ ቱቫን ይዤ እንድሄድ ነው የታዘዝኩት። ስለዚህ ካፖርትሽን ልበሺና ተከተይኝ። የቴክላን ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የቴክላ ወጥ ቤት እንደነበረ ነው። ግማሹ የተላጠ ድንች በሳህን ላይ ጠቁሯል። ጉንቦርግ እጇን እጅጌዋ ውስጥ ከትታ ከበሩ አላልፍ አለች።

ሲቭ ወደ መስኮቱ መስተዋት ተጠግታ ውጭ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ አየች። «ይሄ መለኪያ ይሠራል?»

ጉንቦርግ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «ወይ ይሄ! ብርጭቆው ከእንጨቱ ላይ ተንሸራቷል። ሁልጊዜ አምስት ዲግሪ ያህል አሙቆ ነው የሚያሳየው። እኛ ስንንቀጠቀጥ ቴክላ በጋ ላይ ናት እያልን እንቀልድባታለን። አስተካክይው ስትባል ‹ሙቀት ማን ይጠላል?› ትላለች። ስቱሬ ግን አይቀልድም፤ በየቀኑ ከሥሯ ‹ቴክላ፣ መለኪያሽ ይዋሻል› ብሎ ያርማታል።»

ሲቭ ከአግዳሚው ላይ አንድ የተከፈተ የፖስታ ጥቅል አንሥታ አገላበጠች። ውስጡ ሰፋፊ የሱፍ ጓንት አለ።

«እሱ የሄልቪግ ነው» አለች ጉንቦርግ። «ቴክላ ለገና ብላ የሠራችላት። ምነው ተመለሰ? ጀልባው አልሄደ ይሆን?»

«ሄልቪግ ማን ናት?»

«የማኅበራችን አባል። ስቶርግሩንድ ደሴት፣ አሮጌው የባሕር መብራት ጠባቂ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እንደሷ ያለ ደግ ልብ ያላት ሰው የለችም። እኔ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የምጽፈው ለእሷ ነው።»

«አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«አላየኋትም። ስልክ አትወድም፣ ከደሴቷም አትወጣም። ግን ከእህቴ ይልቅ አውቃታለሁ።»

ሲቭ የጥቅሉን ጀርባ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቴክላ የወንድም ልጅ ቶርኬል ከከተማ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ይጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ቀን መጥቶ እንደነበር አልደበቀም።

«ተጣልተናል» አለ። «የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ስላት ‹አንተ ግባ፣ ፀጉርህ ካለቀ ቆየ› አለችኝ። ተናድጄ ባቡሬን ያዝኩ። ደግሞ ይሄን ማኅበራቸውን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም። ሻማና ዲግሪ ምን ያደርግልኛል?»

ስቱሬ ደግሞ በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ተቀበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቅዳሜ ሊመሻሽ ሲል ዓሣ ይዤላት ሄጃለሁ። በሩ ላይ ተቀብላኝ ቀለደችብኝ። እሁድ ጠዋት ሰላም ስትለን ሁላችንም አንብበናል። እንግዲህ የሆነው ሁሉ ከእኔ በኋላ ነው።»

«ሐኪሙ ቅዳሜ ነው የወደቀችው ይላል።»

«እንግዲያው ማታ ሌላ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ጉንቦርግ፣ አትቀየሚኝ፤ ቱቫ ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ቁልፉም የእሷ፣ የስልኩንም ቁጥር የምታውቀው እሷ። ልጅ አንዳንዴ ይሳሳታል።»

በመንገድ ላይ ሲቭ የጉንቦርግን ክንድ ይዛ፣ «የይለፍ ቁጥሩን ነገር ለማን ነግረሻል?» አለቻት።

«ለማንም!»

«አስቢ።»

«ለሄልቪግ ብቻ። ቴክላ ቁጥሩ ስለሚረሳት ቱቫ የቴክላን ልደት እንዳደረገችላት አጫወትኳት። ልጄ ጎበዝ ናት ብዬ፣ ለወሬ ያህል።»

ሲቭ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ያን ምሽት፣ ራት ሳይቀርብ፣ ጉንቦርግ ለሄልቪግ ጻፈች። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ምን ላድርግ?» መልሱ ወዲያው መጣ። «አይዞሽ፣ ጉንቦርግዬ። ልጅ ያጠፋል፤ አንቺ ግን መውደድሽን አታቋርጪ።» ሄልቪግ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራት አታውቅም። ጉንቦርግ የቱቫን ሹራብ ከወንበሩ ላይ አንሥታ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ልብስ አጣጥፋ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

ረቡዕ ሲቭ ሁሉንም በጉንቦርግ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጉንቦርግ ከጭንቀቷ ብዛት ሳፍሮን የሚባል ቅመም ያለበት ዳቦ ጋግራ ነበር፤ ቶርኬል ብቻ በላ። ስቱሬ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ቱቫ ከአያቷ ጎን ቆመች።

«የሞተ ሰው ሰላም አይልም» ሲል ቶርኬል ጀመረ። «ስለዚህ ስልኳን የወሰደ ሰው አለ።»

«አዎ» አለች ሲቭ። «ፎቶግራፎቹ አሮጌ ናቸው፤ ከገዛ ስልኳ የተመረጡ፣ የአምና። በዚህ ወር ጠዋቱ ሁሉ ጨለማ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ሻማ ነው፤ ማን ይለየዋል? የሰላምታውም አነጋገር የእሷ ነው። አንድ ነገር ብቻ የእሷ አይደለም። እሁድ ቴክላ ስንት ዲግሪ ጻፈች?»

ቱቫ ስልኳን ከፈተች። «ከዜሮ በታች አሥራ አንድ።»

«አያትሽስ?»

«ዘጠኝ። እኛ ኮረብታ ላይ ነን።»

«ስቱሬስ?»

«አሥራ አንድ።» ቱቫ ቀና አለች። «ሰኞም ሁለቱም አሥራ ሁለት።»

«የቴክላ መለኪያ ግን እሁድ ስድስት፣ ሰኞ ሰባት ነበር የሚያሳየው። የጻፈው ሰው በእሷ መስኮት አልቆመም፤ በራሱ መስኮት ነው የቆመው። ጉንቦርግ፣ ስቱሬና ቴክላ በዲግሪ ተስማምተው ያውቃሉ?»

ጉንቦርግ ከሰኞ ጀምሮ ሲከነክናት የቆየው ነገር ድንገት ፊቷ ቆመ። «አላረማትም» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱንም ቀን ከሥሯ ባዶ ነበር። ‹መለኪያሽ ይዋሻል› የሚላት ጠፋ።»

«የሚያርመው አልነበረማ» አለች ሲቭ። «ጉንፋኑን ፈጠረ፣ ፎቶግራፉን ፈጠረ። ዕድሜ ልኩን ጥልቀትና ነፋስ ሲለካ የኖረ ሰው ግን የተሳሳተ ዲግሪ በእጁ መጻፍ አልሆነለትም።»

ስቱሬ አልተንቀሳቀሰም። «አጋጣሚ ነው። ስልኳን በምን ከፈትኩት?»

«የይለፍ ቁጥሩን ምስጢር ቱቫ ታውቃለች። ቱቫ ለአያቷ አጫወተች። አያቷ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ ለሄልቪግ። አንተ ግን ትናንት በገዛ ቤትህ ቱቫ ቁጥሩን እንደምታውቅ ነገርከን።» ሲቭ የፖስታውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጀርባው ላይ ‹በደሴቱ ላይ በክረምት የሚኖር ሰው የለም› ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ደውዬ አረጋገጥኩ። የመብራት ጠባቂው ቤት ጣሪያ የለውም።»

ጉንቦርግ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ቴክላ ሄልቪግን የእጇን ስፋት ጠይቃት ነበር፤ መልሱ በማኅበሩ ገጽ ላይ አለ። ሁላችሁም ‹ሴት ልጅ የዚህ ያህል እጅ!› ብላችሁ ቀልዳችኋል።» ሲቭ ጓንቱን አውጥታ በስቱሬ ፊት ዘረጋችው። «ስምና ደሴት ፈጠርክላት። ልክ ስትጠየቅ ግን የገዛ እጅህን ለካህ።»

ስቱሬ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ከዚያ እንደደከመው ሰው መልሶ አወጣቸውና ጓንቱ አጠገብ አኖራቸው። ልክ ናቸው።

«ባለቤቴ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ» አለ። «መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ኋላ ሁላችሁም ወደዳችኋት። ለስቱሬ ጭንቀቱን የሚነግር ሰው የለም፤ ለሄልቪግ ግን ሁሉ ይነግራታል። ቅዳሜ ቴክላ ይሄን ጥቅል አሳየችኝ፣ እጄንም አየች። ነገ ለሁሉም እናገራለሁ አለችኝ። ለመንኳት። ክንዷን ያዝኩ፣ ልታስለቅቅ ወደ ኋላ ሳበች። ድንች ልታወጣ የምድር ቤቱን በር ከፍታው ነበር፤ በደረጃው ወደቀች። አልተነፈሰችም። ሞታለች ብዬ ነው ስልኳን የወሰድኩት። ሰኞ ቀን እንደወደቀች እንዲመስል፣ በዚያው ቀን መልሼ አጠገቧ ላኖረው ነበር። ቱቫ ቀደመችኝ።»

«አልሞተችም ነበር» አለች ሲቭ።

ቶርኬል የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«ሐኪሙ እስከ እሁድ ማታ ነፍሷ እንዳልወጣች ነው የነገረኝ። እሁድ እስከ እኩለ ቀን ድምፅዋ ባይሰማ ምን ይደረግ ነበር፣ ስቱሬ? ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

ስቱሬ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«በሩ ይንኳኳ ነበር» አለ።

ሲወስዱት ጉንቦርግ አልተሳደበችም። ቱቫን እቅፍ አድርጋ ያዘች፤ ልጅቷ «አያቴ፣ ትንፋሽ አሳጣሽኝ» እስክትላት ድረስ አልለቀቀቻትም።

ከቀብሩ በኋላ ቶርኬል ከአክስቱ ቤት የምትፈልገውን እንድትወስድ ቢጠይቃት፣ የሙቀት መለኪያውን ጠየቀችው። ቱቫ በኮረብታው ቤት መስኮት ላይ ሰቀለችላት።

«አያቴ፣ ይሄ እኮ ይዋሻል» አለቻት በማግስቱ ጠዋት።

«አውቃለሁ።»

ጉንቦርግ መስኮቱን ፎቶግራፍ አነሣች። ውጭ ደረቁ በረዶ በአላፊ አግዳሚው እግር ሥር ይንጫጫ ነበር። «እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶች» ብላ ጻፈች። «ከዜሮ በታች ሦስት። ቱቫ ቤት ናት።» አውራ ጣቷ በልማድ ወደ ሄልቪግ ስም ሄደና ተመለሰ። ደሴቱ የሚታይበት የሄልቪግ ፎቶግራፍ እዚያው ነው፤ ሌላው ሰው ግን አንድ ሁለት እያለ መስኮቱን መለጠፍ ጀምሯል።

ስልኩን ዛሬ አልገለበጠችውም። ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ፣ ከጽሑፏ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ስታይ ቆየች።

ማንም አላረማትም።