የሦስተኛው ሰው ኪሎ

የሰደበኝን ሰው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ውሸት ነው የምትሉ ከሆነ፣ በሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። የሰደበኝ ካፒቴኑ ነው።

ሥራዬ መመዘን ነው። እኛ ጋ ያለችው አይሮፕላን እንደ መኪና በቤንዚን የምትሠራ፣ ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ወንበር ብቻ ያላት ናት። ሰዎች እንደ ታክሲ በኮንትራት ይይዟታል። ትንሽ ስለሆነች ሰውም ሻንጣም ሳይመዘን አይሳፈርም። የሚዛኑ ፊት የዞረው ወደ እኔ ነው፤ ላዩ ላይ የቆመው ሰው ኪሎውን አያይም። እኔ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ለካፒቴኑ እሰጣለሁ። በቃ።

ያን ቀን "ካፒቴን፣ አራት ኪሎ ትርፍ አለ" አልኩት።

"ሰባተኛን የወደቀ ሰው ነው እኔን በረራ የሚያስተምረኝ?" አለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። "አንተ ቁጥሩን አንብብ። ማሰቡን ለእኛ ተወው፣ አቶ ኪሎ!"

ሳቁ። ባለቤቴ ምሳ ዕቃዬን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች... ይሄ ይብሳል።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ኪሎ ሆኖ ቀረ። ዘበኛው እንኳ "ኪሎ፣ ዛሬ ቀንሰሃል ልበል?" እያለ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ያለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አይሮፕላኗን በኮንትራት የያዙ ባልና ሚስት መጡ። ሁለት ብቻ ናቸው።

ሻንጣ የላቸውም። አንድም...

ባልየው ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰማንያ ሁለት። ወረደ።

ሚስትየዋ ወጣች። ስልሳ። ወረደች።

ጠቋሚው ግን ወደ ዜሮ አልተመለሰም።

ሃምሳ አራት ላይ ቆመ።

የሚዛኑ ብረት ላይ ማንም የለም። በጫማዬ ጫፍ መታ መታ አደረግኩት። ጠቋሚው ተንቀጠቀጠና... ሃምሳ አራት። ሰው ቆሞ እግሩን ሲያስተካክል እንደሚሆነው።

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ስንት ሆነ?"

"እርስዎ? ስልሳ።"

"እኔን አይደለም..."

ባልየው ክንዷን ጨመደዳት። "ዝም በይ!" አላት በሹክሹክታ።

"ይጻፈው..." አለች፣ በዓይኗ ወደ ካፒቴኑ እያመለከተች። "ያ ሰውዬ ምን በወጣው?"

ይሄኔ ብረቱ ሲጥ አለ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሰው ሲወርድ ብቻ ነው የሚያሰማው። ጠቋሚው ዜሮ ገባ።

ጻፍኩት። 82። 60። 54።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

"ሦስተኛው ማነው?"

"አላውቅም። ሚዛኑ ያለውን ነው የጻፍኩት።"

"መቁጠርም ጠፋህ? ይኸው፣ አንድ... ሁለት!" እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ፣ ለሕፃን እንደሚቆጠረው።

ኩራቴን ዋጥኩ። ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ለሴትዮዋ። "ካፒቴን፣ ዛሬ ይቅርብህ። ይህ ነገር ደግ አይመስለኝም" አልኩት።

"ማሰቡን ለማን ተወው ነበር ያልኩህ?" እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ።

"...ለእናንተ።"

"ጎሽ!" 54ን በእስክሪብቶ ሰረዘው።

ሴትዮዋ ከፊት፣ ከካፒቴኑ ጎን ገባች። ባልየው ከኋላ። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ እሱ ግን ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ወደ መስኮቱ ተጣብቆ ተቀመጠ። ከዚያ ከጎኑ ያለውን የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳብ አድርጎ አሰረው።

ቀበቶው ወንበሩ ላይ አልተኛም።

ከፍ ብሎ... ክብ ሠርቶ ቆመ።

የአይሮፕላኗ ጅራት ዝቅ አለ። የመንደርደሪያው ሜዳ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በስንት መከራ ተነሳች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተመለሰች። ካፒቴኑ ብቻውን ነው። በቀጥታ ወደ ሚዛን ክፍሉ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሰዎቹ በሰላም ደርሰዋል" አለ ሳልጠይቀው። "ስንወርድ ሴትዮዋ እጄን ይዛ 'ይቅር በለን' አለችኝ። ከዚያ ሮጡ... ዞር ብለው እንኳ አላዩም።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"ባዶዬን ነው የተመለስኩት። አይሮፕላኗ ግን..." አልጨረሰውም። ትከሻውን ደጋግሞ ያሻል፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ እንደዋለ ሰው።

ከዚያ በስሜ ጠራኝ። እናቴ ባወጣችልኝ ስም። ስሜን ማወቁንም አላውቅም ነበር።

"ወንድሜ" አለ ቀስ ብሎ። "መዝነኝ።"

ወጣ። የእሱን ኪሎ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ሁልጊዜ ሰባ ስምንት ነው።

ጠቋሚው ሰባ ስምንትን አለፈ። መቶን አለፈ።

መቶ ሠላሳ ሁለት።

ሰባ ስምንት ሲደመር ሃምሳ አራት። ሰባተኛን ብወድቅም ይህን መደመር አያቅተኝም።

"ስንት ይላል?" አለ። "በእናትህ... ምን ይላል?"

አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነበር።

ያቺ ማክሰኞ ግን መጣችብኝ። የባለቤቴ የተደፋ አንገት።

እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ምሳ ዕቃዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ወዴት ነው? ንገረኝ እንጂ! አንተ ሰው... ስንት ነኝ?"

አልመለስኩለትም።

ከኋላዬ ብረቱ ሲጥ አለ። ወረደ ማለት ነው።

ሦስት እርምጃ ሄድኩ...

ብረቱ ደግሞ ሲጥ አለ።