ከመስኮቱ ውጭ የሚሰማ

ሮንዳ ኤሊስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው መኪናዋ ውስጥ እስከ ደረቱ ብቻ ለተሠራ አንድ አሻንጉሊት ቀበቶ ሲያስር ነው።

መኪናዋ ይባል እንጂ ንብረትነቱ የፋብሪካው ነበር። በሆዱ ሥር የሚያልፈው የጭስ ማውጫ ግን፣ ከሞተሩ እስከ ማርሚታው፣ የእሷ ሥራ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር ጉልበተኛ መኪና ሲነሳ እንዴት እንደሚያጓራ፣ ሲሮጥ እንዴት እንደሚዘፍን የሚወስነው ያ ቧንቧ ነው፤ ሮንዳም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

«ይቅርታ፣ ባለትዳር መሆንህን አልነገሩኝም» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። ረጅም ነው፤ ከአፉ ይልቅ ዓይኖቹ ቀድመው ይስቃሉ።

«ባክስተር ይባላል» አለ፣ የአሻንጉሊቱን ባርኔጣ እያስተካከለ። «ጆሮዎቹ ውስጥ ማይክሮፎን አለ። ሰው የሚሰማውን ሁሉ ይሰማል፣ እንደ ሰው ግን አይነዘንዝም።»

«አንተስ?»

«እኔ እነዘንዛለሁ። ኤሊስ እባላለሁ፤ ከስፒከሮቹ ክፍል።»

የሮንዳ ፈገግታ እዚያው ቀረ። የስፒከሮቹ ክፍል ማለት ተቀናቃኝ ማለት ነው። የእነሱ ሐሳብ ቧንቧው ጸጥ እንዲል፣ ማጓራቱም በኮምፒዩተር ተሠርቶ በስፒከር ለሹፌሩ ብቻ እንዲሰማ ነበር። ርካሽ ነው፣ ጎረቤትም አይቀሰቅስም። ወደ አዲሱ መኪና የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የሁለቱንም ድምፅ ለክቶ የሚያቀርበው ኤሊስ፣ መራጯ ደግሞ የሁለቱም ክፍሎች ኃላፊ ወይዘሮ ፕራት ናቸው።

ተቀናቃኝ መሆኑን ብታውቅም አሳቃት። መፈተኛው ሜዳ ላይ አብረው ሲነዱ ስለ ቧንቧዎቿ ስታወራ፣ ኤሊስ መንገዱን ትቶ እሷን ያያል። ዓይኖቻቸው ሲገጣጠሙ ሁለቱም በአንዴ ወደ ባክስተር ይዞራሉ፤ ምስኪኑ ባክስተር ያን ሁሉ ዝምታ ቀድቷል። ጸደይ ሳያልቅ ነገሩ ከሁለቱም ቁጥጥር ውጭ ሆነ።

ቢሮ ውስጥ ግን እንደማይተዋወቅ ሰው ይተላለፋሉ። ይህን የፈለገው እሱ ነው። «ሰው ካወቀ፣ አዳልቶላት ነው የለካው ይላሉ» አላት።

«አንተ ራስህ እንደ ስፒከርህ ነህ» አለችው አንድ ቀን፣ መኪናው ውስጥ። «መስኮት ተዘግቶ ውስጥ ሲሆን ትናገራለህ። ውጭ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም።»

ኤሊስ ፊቱን ወደ ተዘጋው መስኮት አዞረ። ነገሩ እንደወጋው ግን ታወቃት።

አንድ እሁድ ፈርንዴል ወዳለው ቤታቸው፣ ወደ አባቷ ወደ ሃርቬይ ወሰደችው። ሃርቬይ ዕድሜውን የፈጀው መኪና ሥር ተኝቶ ማርሚታ ሲበይድ ነው፤ ጆሮውም እዚያው ቀርቷል። ስልክ ሲጮህ አይሰማም። በየነሐሴው ግን የአገሩ ጉልበተኛ መኪና ሁሉ በዉድዋርድ ጎዳና ሲሰለፍ፣ ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ዳር ላይ ይቀመጣል። ድምፁ በደረቱ ይገባለታል። መኪናውን ሳያይ ስሙን ይጠራል፤ ተሳስቶም አያውቅም።

«ሰው ሲያወራኝ ግማሹ ያመልጠኛል» አለው ለኤሊስ። «መኪና ግን አያመልጠኝም። ያንተ ስፒከር ለኔ ምን ይለኛል?»

ኤሊስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምንም አይልዎትም፣ ጋሽ ሃርቬይ» አለ።

«እንግዲያው ልጄ ታሸንፍሃለች» አለ ሽማግሌው፣ ለቋሊማው ሰናፍጭ እያቀበለው።

ምርጫው ሲቃረብ ጉድ ፈላ። ኤሊስ የመጨረሻውን ልኬት ወሰደ። መኪናው በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሲሄድ ራስ የሚያዞር ጉምጉምታ ውስጡን ሞላው። ውጤቱን በቀጥታ ለወይዘሮ ፕራት ሰጠ። ሮንዳ ወሬውን የሰማችው ኮሪደር ላይ፣ ከሌላ ሰው ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችው። «ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«አስቀድሜ ብነግርሽ አዳላሁ ማለት ነው።»

«አባቴ ቤት ተቀምጠህ በላህ፣ ኤሊስ። አሁን የልጁ መኪና ድምፅ ሳያሰማው በፊቱ ሊያልፍ ነው።»

«ምን ላድርግ? ጉምጉምታ አለው። አልሰማሁም ልበል?»

«ሂድ፣ ከባክስተርህ ጋር ኑር» ብላው ሄደች። መኪናው ሥር ገብታ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ ዳሰሰች። ያንን ጉምጉምታ እንዲውጥ ብላ የቀጠለችው ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ በቦታው አለ። መዋጥ ነበረበት። ለምን እንዳልዋጠ ሊገባት አልቻለም፤ እዚያው በጀርባዋ ተኝታ አለቀሰች።

የምርጫው ዕለት ስብሰባው ላይ ወይዘሮ ፕራት መነጽራቸውን አወለቁ። «ጉምጉምታ ካለ፣ የቧንቧው ነገር አበቃ» አሉ።

ኤሊስ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬ ጠዋት ባክስተርን ላወጣ ሄጄ ነበር» አለ። «ለሽቦዎቹ መተላለፊያ ብዬ የኋላውን ወንበር አጥፌዋለሁ፤ የለካሁትም እንደታጠፈ ነው። የዕቃ መጫኛው ጉምጉምታ ሁሉ በዚያ ክፍተት ገብቷል። ወንበሩን መልሼ እንደገና ለካሁት። ድምፅ የለም። ቧንቧው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ የማን ወገን ነህ?» አለው የገዛ ክፍሉ ባልደረባ።

ኤሊስ ሮንዳን አያት። እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«እሱንም ልንገራችሁ። ሮንዳን እወዳታለሁ» አለ። «ስለዚህ የእኔን ልኬት አትመኑ። ወይዘሮ ፕራት፣ ወንበሩ ተመልሷል፤ ራስዎ ነድተው ይስሙት።»

ሮንዳ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ወይዘሮ ፕራት ቁልፉን አንስተው ወጡ።

ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከሩቅ፣ ወፍራም፣ ከመሬት የሚነሳ። ወይዘሮ ፕራት በፊታቸው ሲያልፉ ነዳጁን ረገጡት፤ የስፒከሮቹ ክፍል ሰዎች እንኳ ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ተመልሰው ሞተሩን ሲያጠፉ ከመኪናው ለመውረድ አልቸኮሉም።

«ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፣ ውጭውንም እናንተው ሰማችሁት» አሉ። «ስፒከሮቹ ሙዚቃ ያጫውቱበት።»

ሮንዳ ወደ ኤሊስ ሄደች። «ወንበር አጥፎ የሚለካ ሰው!»

«ባክስተርም ዝም አለኝ» አለ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እያየ አቀፈችው፤ እሱም አልሸሸም።

በሚቀጥለው ነሐሴ ዉድዋርድ በሰው ተሞልቷል። ሮንዳ መሪውን ይዛለች፤ ኤሊስ ከጎኗ፣ ባክስተር ባልታጠፈው የኋላ ወንበር ላይ ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ሃርቬይ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። ሮንዳ ማርሽ ቀንሳ ነዳጅ ሰጠች።

የሽማግሌው እጅ ከነቋሊማው አየር ላይ ቆመ። ሌላውን መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄኛውን አላውቀውም» አለ። ከዚያ ዞረ። ልጁን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

ኤሊስ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። «ጋሽ ሃርቬይ! እሺ ካለችኝ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ!»

የመንገዱ ዳር ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሃርቬይ ብቻ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ምን አለ?» አለ።

ሮንዳ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ሞተሩን አጠፋችው። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች እየጠበቁ፣ የራሷንም መስኮት አወረደች።

«እሺ ብያለሁ፣ አባዬ» አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ። «ላገባው ነው!»

ይሄን ሃርቬይ ሰማው።