በእማዋይሽ መቀነት ውስጥ የነበረው ድንጋይ

በወረታ ገበያ ሸክላ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ከሠሪዋ እጅ አይቀበልም ነበር። እሷ መሬት ታስቀምጠዋለች፤ እሱ ከመሬት ያነሳዋል። ወጡን ግን በዚያው ድስት ሠርቶ ጣቱን እየላሰ ይበላል! እማዋይሽ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራ ሃያ ዓመት ሲሞላትም አልለመደችውም። እናቷ እናኑ «ተይው ልጄ፣ የኖረ ነው» ይሏታል። እሷ ግን አትተወውም።

በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ሸክላ ተራ መጥቶ እጁን ሲዘረጋ፣ ምን እንደፈለገ ወዲያው አልገባትም።

«የተሰበረ ሸክላ አለሽ?» አላት።

«እኔ የምሸጠው ያልተሰበረውን ነው። የተሰበረ ካማረህ ገዝተህ ስበረው።»

ሳቀ። ያየህ ይባላል፤ የመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነው። ጎንደር ተምሮ፣ ማዕድን ሊፈልጉ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሰዎች ጋር በረዳትነት ተቀጥሮ አገሩ ተመልሷል። ድንጋይ የሚፈትንባት ነጭ ሸክላ መኪና ላይ ተሰብራበት ነበር።

«ድንጋይ በመልኩ አይታወቅም» ሲል አስረዳት። «ሸክላ ላይ ሲጫር የሚተወው ቀለም ነው ማንነቱን የሚናገረው። ጥቁር መስሎ ቀይ የሚጭር አለ።»

«ይህን ለማወቅ ነው ጎንደር ድረስ የሄድከው? እኛ ሸክላውን ቀይ የምንቀባው በምን መሰለህ? እናቴ ጥቁሩን ድንጋይ ገል ላይ እየጫረች ነው የምትመርጠው።»

ያየህ ጎንበስ ብሎ የዘረጋችለትን ገል ከእጇ ተቀበለ። ጣቶቹ ጣቶቿን ነኩ፤ አልደነገጠም፣ እጁንም በሱሪው አልጠረገም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ አጠረባት።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር ገል ፍለጋ ይመጣል።

«አሁንም ሰበርከው?»

«ሰበርኩት።»

«የጎንደር ትምህርት ገል መያዝ አያስተምርም ማለት ነው።»

ታኅሣሥ ላይ «ሽማግሌ ልላክ» አላት። «አባትህ እሺ ይላሉ?» ስትለው ዓይኑን ሜዳው ላይ ወደተበተኑት ከብቶች አሻገረ። ይህ ደስ አላላትም፤ ቢሆንም ወደደችው፣ ምን ታድርግ!

እማዋይሽ ሸክላ የምታለሰልስበት ድንጋይ ከአያቷ የወረደ ነበር። እንቁላል ቢያክል ነው፤ የሚከብደው ግን ጉድ ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ማዕዘኖቹ የተሸራረፉ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቢጫ ነገር ያዘለ። አያቷ ከሩቅ አገር ከመጣ ነጋዴ በሁለት እንስራ ለውጠውት ነበር። እንዳይሰረቅባት መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ትውላለች።

አንድ የገበያ ቀን የያየህ አለቃ፣ ኢንጂነሩ፣ አሞት ተኛ። ከእጁ አውጥቶ የማያውቀውን ጨረር መለኪያ ሳጥን ያየህ በትከሻው አንጠልጥሎ ሸክላ ተራ መጣ። እማዋይሽን ሰላም ሊል ጎንበስ ሲል ሳጥኑ ይንጫጫ ጀመር።

ያየህ ወደ ኋላ ሲል ሳጥኑ ጋብ አለ። ሲያስጠጋው ጮኸ። ደግሞ አራቀው፣ ደግሞ አስጠጋው። የሁለት ወር ልፋቱ ፍሬ በዓይኑ መጥቶበት ነበርና ዙሪያውን አላየም። እሷ ግን አየች። ቅቤ ሻጯ ካሰች ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አወቃት! መሣሪያው አወቃት!» አለ አንዱ።

«ቡዳ ናት ስንል ነበር እኮ! ይኸው ከመንግሥት አገር የመጣ መኪና መሰከረ!»

«ያየህ፣ ምንድር ነው?» አለችው እማዋይሽ። 

ያየህ ስለተገኘ ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳይል በጥብቅ ታዝዟል።  «ምንም አይደለም» አለ በለሆሳስ፣ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳያነሳ።

ምንም አይደለም! ሰው በአደባባይ ስሙ ሲጠፋ፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ምንም አይደለም ይላል? ያን ቀን አንድ ድስት አልተሸጠላትም። ሦስት ገንቦዎቿንም በድንጋይ ሰበሩባት።

ወሬው ከሐሙሲት እስከ ጣራ ገዳም ተዳረሰ። መሪጌታ ልጃቸውን ጠርተው «መኪና የመሰከረባትን ሴት ስሟን በዚህ ቤት እንዳታነሳ» አሉት። እናቱ አመተ ሥላሴ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም።

በሦስተኛው ቀን ያየህ እነእማዋይሽ ቤት መጣ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ እናኑ?»

«ይመስገነው። ሰው ሳያይህ ብትገባ ይሻልህ ነበር፣ ልጄ» አሉት እናኑ።

እማዋይሽ ቀና ብላም አላየችው። ያየህ መቀነቷ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቃት፤ ፈትታ ወረወረችለት። ሳጥኑ ከድንጋዩ ጋር ጮኸ፤ እሷ ዘንድ ሲመጣ ጋብ አለ። በውሃ ውስጥ መዘነው፤ እሱን ከሚያክል ውሃ ዘጠኝ እጥፍ ይከብድ ነበር። ገል ላይ ጫረው፤ ቡናማ ያጠላበት ጥቁር መስመር ተወ።

«ይህ ብርቅ ነው፣ እማዋይሽ። ዩራኒየም የሚሉት ብረት ነው፣ ብረት እንደሚዝገው ከአየር ጋር ተዋህዶ የሆነው። ኦክሳይድ ከሚባሉት ወገን ይመደባል። የሚጮኸው ድንጋዩ ነው፤ ከውስጡ የማይታይ ጨረር ይወጣል። ጉዳት አለው፣ ዳግመኛ ሰውነትሽ ላይ እንዳታስሪው።»

«ስሙስ?»

«ገና ነው። መልካቸው አንድ የሆነ፣ ውስጣቸው የተለያየ ድንጋዮች አሉ። ዩራኒየሙ ከበለጠ አንድ ስም፣ ቶሪየም የሚባለው ሌላው ብረት ከበለጠ ሌላ ስም ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ተፈትኖ ነው የሚታወቀው።»

እማዋይሽ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ድንጋዩን ሳትፈትኑ ስም አትሰጡትም! እኔን ማን ፈተነኝ? ሳልወለድ ነው ስም የወጣልኝ! ደግሞስ ይህን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ቡዳ አለመሆኔን እኔ አውቃለሁ። ለእነሱ ንገር! የጮኸው ገበያ መሃል ነው፣ መልሱም እዚያው ይሁን።»

«ከተናገርኩ ከሥራ ያባርሩኛል።»

«እኔን ካባረሩኝ ሦስት ቀኔ ነው።»

 እማዋይሽ ድንጋዩን ክዳን ባለው ገንቦ ውስጥ ከተተችው። «ይዤው እመጣለሁ። አንተ ብትመጣም ባትመጣም እዚያው ቦታዬ ላይ ነኝ» አለችው።

በገበያው ቀን መጣ። ሳጥኑን አንጠልጥሎ መሃል ቆመና ስለ ኦክሳይድ፣ ስለ ጨረር፣ ስለ ክብደት ያስረዳ ጀመር። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ግን ማን ይስማው! «አዙራበታለች» ተባባሉ። እማዋይሽ ድንጋዩን ከገንቦው አውጥታ በመዳፏ ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ መሪጌታ ሰዉን ገፍተው ገቡ።

«ና ወደ ቤት!» አሉት ልጃቸውን። ወደ እማዋይሽም ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «አንቺ፣ ያንን ርኩስ አምጪው፣ ገደል ልስደደው!»

«ይኸው፣ ይያዙት» አለችና መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

ያየህ ሳጥኑን ወደ አባቱ እጅ አስጠጋ። እንደዚያ ጮኾ አያውቅም! ከዚያ ወደ እማዋይሽ አዞረው፤ አልፎ አልፎ ጠቅ ከማለት በቀር ዝም አለ። መልሶ ወደ መሪጌታ ሲያዞረው ጩኸቱ ተመለሰ። ገበያው ጸጥ አለ።

«መሣሪያው አወቀ አላላችሁም?» አለች እማዋይሽ፣ ዓይኗን ከካሰች ዓይን ሳትነቅል። «እንግዲህ መሪጌታን ምን ልትሏቸው ነው? በሉ እንጂ! እኔን ለማለት ይህን ያህልም አልቆያችሁም!»

መሪጌታ ድንጋዩን መሬት ጥለው ሄዱ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ሳቀ። በማግስቱ ድስት ፍለጋ ቤቷ ድረስ የመጡ ነበሩ። ይቅርታ ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ያየህ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ። ኢንጂነሩ ድንጋዩን ወስዶ አዲስ አበባ አስፈተነ፤ ዩራኒየሙ የበለጠበት ብርቅ ኦክሳይድ ሆኖ ተመዘገበ። ያገኘው በሚለው ቦታ ኢንጂነሩ የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያም ጭቃማውን የፎገራ ሜዳ ሁለት ወር ቆፍሮ ባዶ እጁን ሄደ። ነጋዴው ከሌላ አገር እንዳመጣው አያቷን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይነግረው ነበር፤ እሱ ግን አልጠየቀም።

«አሁንስ ታገቢኛለሽ?» አላት ያየህ።

«ያን ሳጥን ገበያ መሃል ሦስት ጊዜ አስጠግተህብኛል። እንግዲያው ሦስት ገበያ፣ ፀሐይ እያየህ፣ ከጎኔ ተቀምጠህ ሸክላ ሽጥ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ተቀመጠ። በመጀመሪያው ገበያ የልጅነት ጓደኞቹ ተሳለቁበት። በሁለተኛው አባቱ አይተው እንዳላዩ አለፉ። በሦስተኛው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ መጡ። ድስት መረጡ። ያየህ ደንግጦ ድስቱን አነሳና፣ እንደ ገበያው ልማድ መሬት ሊያስቀምጥላቸው ጎንበስ አለ።

«ተወው» አሉት እናቱ። «ከእሷ እጅ ነው የምቀበለው።»

እማዋይሽ ተነሥታ ድስቱን በሁለት እጇ ዘረጋች። አመተ ሥላሴ ከነእጇ ያዙት፤ ገበያው እያየ አልለቀቁም።

«መሪጌታ ሽማግሌ አልልክም ስላሉ እኔው መጣሁ» አሏት። «ያን ቀን ከጓዳ ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ገንቦዋ ሲሰበር ያላለቀሰችው እማዋይሽ ያን ጊዜ አለቀሰች። ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር፤ እጇን ግን አልሳበችም።